ቀን ቆራጯ ወይንሸት

ሐበሻ አምስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ የእኛን «እናያለን» እንደ ቀጠሮ የሚቆጥር አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ እኮ «እምቢ» የሚለውን ቃል ለልጆቻችንና በስልክ ዕቃ ለሚሸጡ ሰዎች ብቻ ነው የምናወጣው። ለሌላው «እናያለን» አለ፣ «እግዜር ካለ» አለ፣ «እስቲ በዓሉ ይለፍ» አለ። ጨዋ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ እንዳበቃ ይገባዋል፤ ሻዩን ይጨርስና ይሄዳል። ያ ሰው ግን ስልኩን አውጥቶ «የትኛው በዓል?» ብሎ ይጠይቃል።

በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ለምንመላለስ ሰዎች ይህ ሰው ወይንሸት ናት። ሙሉ ማዕረጓ «ክብርት ወይንሸት፣ የኮረብቶችና የጅረቶች ባለ ሙሉ ሥልጣን መልእክተኛ፣ የአዛውንት ሁሉ ቀን ቆራጭ» ነው። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር።

የምትሠራው ኤመሪቪል ቢሮ ባለው አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ኮረብታና ጅረት እየተረከበ ሕንፃ እንዳይሠራበት ይጠብቃል። የእሷ ክፍል በእንግሊዝኛ «ፕላንድ ጊቪንግ» ይባላል። ስሙን ላልለመደው የልደት ስጦታ አስቀድሞ መግዛት ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ሰው በሕይወቱ ሳለ ኑዛዜ ያደርግና፣ ሲያልፍ ከንብረቱ ይህን ያህሉ ለድርጅቱ ይሁን ብሎ ይጽፋል። ባጭሩ የወይንሸት ሥራ ሰው ቤት መግባት፣ የቀረበላትን መብላትና «ሲሞቱ ምን አስበዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህን ፈረንጅ ይጠየቃል፤ እንዲያውም ፋይል አውጥቶ ያሳያል። እኛ ግን ሞትን በስሙ አንጠራም። ሰው «እኔ ስሞት» ብሎ ሲጀምር «ጠላትዎ ይሙት» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። ወይንሸት ይህን ስትባል ቅር አይላትም። «እሺ፣ ጠላቴ ይሙት። የእርስዎስ ኑዛዜ የት ነው ያለው?» ትላለች። ቀጥላም ያቺን የታወቀች ቃሏን ትጥላለች፤ «ቀን እንቁረጥ።» በአገራችን ቀን የሚቆረጠው ለሠርግ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በኦክላንዱ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ደቂቃ ተፈቀደላት። ሰው ዳቦና ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ማይኩን አነሣችና «ከመካከላችን የማይሞት አለ?» አለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ወይንሸት ከመድረኩ ወርዳ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፋ፣ አጠገባቸው ተቀመጠችና «አባባ፣ እርስዎ ከቀሩ እንግዲህ ለባለቤትዎ ቀን እንቁረጥ» አለቻቸው። ባለቤታቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

ሳን ሆዜ ወንጌላውያኑም ዘንድ ሄዳለች። ፓስተሩ በትሕትና «እህቴ፣ ጌታ ቶሎ ስለሚመጣ ኑዛዜ ብዙም አያስፈልገንም» አሏት። «ሲመጣ ኮረብታው ሁሉ ፓርኪንግ ሎት ሆኖ ቢያገኘው ደስ ይለዋል?» አለች። ፓስተሩ ሳቁና «እንጸልይበት» አሉ። «እንጸልይበት» የእነሱ «እናያለን» መሆኑ ስለገባት፣ ጸሎቱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀቻቸው።

ኮንኮርድ ሠርግ ተጠርተን ነበር። ሙሽሮቹን አቅፋ ሳመችና «እንኳን ደስ አላችሁ። እንግዲህ ኑዛዜያችሁን አፕዴት ማድረግ ነው» አለቻቸው። ሙሽራዋ እስከ ኬኩ ድረስ ፊቷ አልተመለሰም።

እኔንም አልማረችኝም። ጥቁር መኪና ነው የምነዳው፤ ሳን ሆዜ ኤርፖርት ሾፌሮች መንገደኛ በምንጠብቅበት ሜዳ ላይ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አንድ ቀን መስኮቴ ተንኳኳ። ታጣፊ ወንበሯን በክንዷ ይዛ ቆማለች።

«አምሐ፣ ባለፈው እናያለን ብለኸኝ ነበር። ልናይ መጣሁ።»

«ወይንሸት፣ እኔ ምን አለኝና? ይቺ መኪና ናት ያለችኝ፤ እሷም የባንኩ ናት።»

«ስላለህ ነገር አልጠየቅኩህም። ስለምትፈልገው ነው የጠየቅኩህ።»

«ገና ሃምሳ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልቸኮልኩት» ብላ ወንበሯን ዘረጋች።

የዘገየ አውሮፕላን ሲያርፍ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ስሟ ስልኬ ላይ ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። እሷም ሆን ብዬ እንደማላነሣ ታውቃለች፤ በሳምንቱ እንደገና ትደውላለች። ልቤን አወለቀችው።

እውነቱ አይደበቅምና ይህንንም ልናገር። አንዲት እናት ከልጃቸው ተጣልተው ቤታቸውን እንዳለ ለድርጅቱ ልስጥ ብለዋት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እስክሪብቶ ይፈልጋል። እሷ «እትዬ፣ ይሄ ኑዛዜ አይደለም፣ ኩርፊያ ነው» ብላ ወረቀቱን አጠፈች። ከዚያ ሽማግሌ ሰብስባ እናትና ልጅን አስታረቀች። አለቃዋ ያን ወር ምን ሠራሽ ሲላት ምን ብላ እንደጻፈች አላውቅም።

አሁን ወደ ጋሽ ክንፉ ልምጣ።

ጋሽ ክንፉ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ኦክላንድ መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በአንዲት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቲኬት ሲቀበሉ ኖረዋል። ክረምት ሲሆን ጨለማ ገብተው ጨለማ ይወጡ ነበር። ያጠራቀሟትን ይዘው ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ካለው ኮረብታ መሬት ገዙ። ውሃ የለው፣ መብራት የለው፣ መንገዱም መንገድ አይባልም። «ክንፉ ድንጋይ ገዛ» ተብሎ ተሳቀባቸው። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ባልዲያቸውን ገልብጠው ኦክ ዛፍ ሥር ይቀመጡና ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝናብ ሲጥል ከታች አንዲት ኩሬ ትሞላለች። ሳላማንደር የሚሉት እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ከየጉድጓዱ ወጥቶ እዚያ ይራባል። ጋሽ ክንፉ «ልጆቼ» ይሏቸዋል።

ያ ድንጋይ አሁን ብዙ ያወጣል። አንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ በየወሩ ደብዳቤ ይልክላቸዋል። ኑዛዜ ሳያደርጉ ካለፉ መሬቱ በሕግ አብረዋቸው ለሚኖሩት እህታቸው ለእትዬ የሺሃረግ፣ አዲስ አበባ ለታመሙት ወንድማቸው ለታደሰ፣ ለሟች ወንድማቸውም ልጆች ይከፋፈላል። ከልጆቹ አንዱ ከሂውስተን ደውሎ «አንክል፣ ዛት ላንድ ኢዝ ወርዝ ኤ ሎት ናው» ብሏቸዋል። በዓመቱ መቶ ቤት ይቆምበታል ማለት ነው።

ወይንሸት ጋሽ ክንፉን ያገኘቻቸው ከአራት ዓመት በፊት ነበር። ስለ ድርጅቱ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ይሁን፤ ለእናንተ ይሁን። እንዳለ ግን ይቆይ» አሏት። ለመፈረም ሲሆን ሁዳዴ ገባ፣ ሁዳዴ ሲወጣ ፋሲካ ሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ ጉልበታቸውን አመማቸው። አራት ዓመት «እሺ» አሉ፤ አራት ዓመት አልፈረሙም። እሷም አራት ዓመት ሙጭጭ አለች። የእግር ሐኪም ጋ አድርሳ ትመልሳቸዋለች፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ደብዳቤያቸውን ታነብላቸዋለች፣ ስትወጣ «ቀን እንቁረጥ» ትላቸዋለች።

ባለፈው ጥቅምት የልባቸው ቫልቭ ተበላሽቷል ተባለ። ኦፕሬሽኑ ለሰኞ ተያዘ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ ክንፉ ራሳቸው ደወሉላት። «ወይንዬ፣ ቀኑን ቁረጪው» አሉ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋሽ ክንፉ የራሳቸው ጠበቃ ነበራቸው፤ ሳን ሆዜ ተወልዶ ያደገ አብኔር የሚባል ወጣት። ኑዛዜውን ካዘጋጀው ቆይቷል። ነገር ግን ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን ይሄዳልና በማለዳ ካልሆነ አይመቸውም። ከንብረቱ ምንም የማይደርሳቸው ሁለት ምስክሮችም ያስፈልጋሉ። አንዱ እኔ ሆንኩ፤ የዚያን ቀን ስልኬን በስሕተት አንሥቻለሁ። ሁለተኛው ጋሽ አስራት ናቸው። ወይንሸት እሳቸውን የመረጠቻቸው ታማኝና ሰው የሚያከብራቸው ስለሆኑ ነው። ያልታሰባት ነገር ጋሽ አስራት የእድራችን ሊቀመንበር መሆናቸው ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አራት ሆነን ሳን ሆዜ የጋሽ ክንፉ በር ላይ ቆምን። አብኔር እንደ ጠበቃ ጥቁር ሱፍ ለብሷል። እኔ እንደ ሾፌር ጥቁር ሱፍ ለብሻለሁ። ጋሽ አስራት ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ነጠላ አጣፍተዋል። እንቅልፍ ስላልጠገብን ማናችንም አልሳቅንም። ጋሽ ክንፉ ደግሞ ለእህታቸው ምንም አልነገሩም።

በሩን የከፈቱት እትዬ የሺሃረግ ናቸው። ጋሽ አስራትን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ።

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለች ወይንሸት በለሰለሰ ድምፅ። «እስቲ መጀመሪያ ገብተን ቁጭ እንበል።»

መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጭ በሉ ተብሎ። እትዬ የሺሃረግ «ታደሰ፣ ወንድሜን» ብለው ወለሉ ላይ ወደቁ። የጎረቤት ሴቶች በሌሊት ልብሳቸው ሮጠው ገቡና ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀመሩ። አብኔር ፋይሉን ታቅፎ «ኢዝ ሺ ኦኬ? ሹድ አይ ኮል ናይን ዋን ዋን?» ይላል፤ አምቡላንስ ልጥራ ማለቱ ነው። ጋሽ አስራት በልማድ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ማን ነው የሞተው?» አሉኝ። «ማንም» ልላቸው ነበር። ግን እኔም እያለቀስኩ ነበር።

ጋሽ ክንፉ በፒጃማ ወጡ። ልባቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ማነው?» አሉ። ሁላችንም ወይንሸትን አየናት።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። ኑዛዜውን ልናስፈርም ነው የመጣነው።»

ይህ ነገሩን አባሰው። እትዬ የሺሃረግ ከወለሉ ተነሡ። «ኑዛዜ? ሰኞ ኦፕሬሽን ለሚገባ ሰው ኑዛዜ? አንቺ ሟርተኛ፣ ወንድሜን በቁሙ ልትቀብሪው መጣሽ? ውጪልኝ ከቤቴ።»

ወይንሸት ብዙ ተብላለች። በሩን ፊቷ ላይ የዘጉባት አሉ፤ እነሱንም በመስኮት አነጋግራቸዋለች። ያን ዕለት ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ። ጋሽ ክንፉ ግድግዳውን ተደግፈው ሲተነፍሱ አየቻቸው። «እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ጋሼ፣ ይቅር። እርስዎ ይዳኑ እንጂ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።» ቦርሳዋን አነሣች። ከእሷ አፍ «ሌላ ጊዜ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ደነገጥኩ። የአብኔር አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ሌላ ጊዜ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ መሀል አንድ ሰው ሲስቅ ሰማን። ጋሽ ክንፉ ናቸው፤ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

«የሺ፣ ተይ፣ ተለቀሰ እኮ። ለታደሰም ለእኔም ባንድ ላይ ተለቀሰ። ለቀስተኛው መጥቷል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ የእድሩ ሊቀመንበር ቆመዋል። ከዚህ ወዲያ ምን የሚቀር ሟርት አለ? በሉ እስክሪብቶ ስጡኝ።»

«ክንፉ፣ እኔ እኮ…»

«ስሚኝ እህቴ። ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ተቀምጬ መኪና አስገባሁ፣ መኪና አስወጣሁ። ከሞትኩ በኋላ ደግሞ ከመሬት በታች መሆኔ አይቀርም፤ እሱ አያስጨንቀኝም። እዚያ ኮረብታ ላይ ጋራዥ እንዲሠሩብኝ ግን አልፈልግም።»

እትዬ የሺሃረግ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«ታለቅሺያለሽ ብዬ።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እትዬ የሺሃረግ ላለመሳቅ ጥቂት ታገሉና ሳቁ። ለወይንሸት ግን ገና አልሳቁላትም።

አብኔር ሰዓቱን አየና «ኦኬ፣ ሺ ካንት ቢ ኢን ዘ ሩም» አለ ወደ ወይንሸት እያመለከተ። ደንባቸው ነው፤ ሲፈረም የድርጅቱ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይገኝም፣ ኋላ አስገድዳ አስፈረመች እንዳይባል። ጎረቤቶቹም ወጡ። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት የለፋችበትን ፊርማ አላየችውም። ውጭ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆማ ቀረች። ጋሽ ክንፉ ገጹን ሁሉ አነበቡ። ቤቱ ለእህታቸው፣ ኮረብታው ለድርጅቱ፣ እንዳለ እንዲቆይ። ፈረሙ። ጋሽ አስራት ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። አብኔርን ኤርፖርት ያደረስኩት እኔው ነኝ፤ ለጥቂት ደረሰ።

ሰኞ ቀትር ላይ፣ አንድ መንገደኛ ማውንቴን ቪው አድርሼ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ጋሽ ክንፉ ገና ኦፕሬሽን ላይ ነበሩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እትዬ የሺሃረግና ወይንሸት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወይንሸት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ናት፤ ከቤታቸው ያመጣቻቸውም እሷ ናት። እትዬ ጋቢያቸውን በሁለታቸውም ጉልበት ላይ ዘርግተውታል።

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነው፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። ደስ ብሎታል። ለሪፖርቱ የቀረው አንድ ፎርም ብቻ ነው አላት፤ ስጦታው መቼ እንደሚጠበቅ የሚሞላበት። ዕድሜያቸውንና ሕመማቸውን አስቢና ሙይው አላት።

«ቱዴይ?» አለች ወይንሸት።

«ኢፍ ዩ ካን» አላት።

ስልኩን ዘጋች። ፎርሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ፣ ጋቢው ላይ አስቀመጠችው። አልጻፈችም። ሰው ሁሉ ሞት ጠሪ የሚላት ሴት፣ የአንድን ሰው መሞቻ ዓመት ጻፊ ስትባል እስክሪብቶው አልነሣላት አለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገንዘብ ሲለምን የኖረ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ የለመነው እንዳይመጣ በሆስፒታል ወንበር ላይ የሚጸልይ ግን ከእሷ በቀር አላየሁም። ይህችን ሴት እወዳታለሁ። ስልኬን ሳላነሣላት የኖርኩባቸው ሦስት ዓመታት አሳፈሩኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሐኪሙ ወጣ። ቆቡን አውልቆ ፈገግ አለ። «ሂ ዲድ ግሬት» አለ። እትዬ የሺሃረግ እልል ሲሉ ከኮሪደሩ ሁለት ነርሶች ሮጠው መጡ፤ አንድ ሰው የሞተ መስሏቸው።

ወይንሸት አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። እስክሪብቶዋን አነሣችና ፎርሙ ላይ «መቶ አሥር ዓመት ሲሞላቸው» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች።

«ምንድነው እሱ?» አሉ እትዬ የሺሃረግ።

«ጋሽ ክንፉ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ቢሮ ይጠይቃል፣ እትዬ። መቶ አሥር ብያለሁ።»

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ፎርሙን አዩት። የማያነቡትን እንግሊዝኛ አልፈው ቁጥሩ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ለምን አነሰ?» አሉ።

ወይንሸት ሳትከራከር ሰረዘችና መቶ ሃያ ጻፈች።